ሁለት መቶ ሰባት ትርታ

ሰርጓ አራት ሳምንት ሲቀረው ልጄን ግሪዝልን በተከታታይ አራት ጊዜ አስነጠሳት። ባሌ ኒኒያን ከሽመናው ቀና ሳይል «ይማርሽ» አለና መወርወሪያውን ወረወረ። እኔ ግን ወረቀትና ብዕር ፈለግሁ። እህቴም ከመሞቷ በፊት ያስነጥሳት ነበር። እርግጥ የሞተችው ከጋሪ ወድቃ ነው፤ ቢሆንም ያስነጥሳት ነበር።

መንደራችን ሐኪም የለውም። የታመመ ሰው ኤድንብራ ከተማ ላለ ሐኪም ይጽፋል፤ ደብዳቤው ከፖስታ ፈረሰኛው ጋር ሄዶ በሳምንቱ መልስ ይመጣል። ለዶክተር ሃሊበርተን ስጽፍ የመጀመሪያዬ አልነበረም። ስለ ኒኒያን ጉልበት ጽፌያለሁ፣ ስለ ራሴ ሆድ ደጋግሜ ጽፌያለሁ፣ አንድ ጊዜም አይቻት ስለማላውቅ የጎረቤታችን አክስት ጽፌያለሁ። አሁን ደግሞ የግሪዝልን ማስነጠስ፣ ገንፎዋን ግማሽ መተዋን፣ ግድግዳ እያየች ብቻዋን ፈገግ ማለቷን ሁሉ ዘረዘርኩ። ወረቀቱ ሲሞላ በጠርዙ ዙሪያ ጻፍኩ።

«ግድግዳ እያዩ ፈገግ ማለት ከመቼ ወዲህ ነው በሽታ የሆነው?» አለኝ ኒኒያን በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ እያነበበ።

«አንተ ልታገባኝ አራት ሳምንት ሲቀርህ ፈገግ ትል ነበር?»

«እኔማ ፈርቼ ነበር።»

«ታዲያ! ጤነኛ ሰው እንደሱ ነው የሚሆነው።»

በሳምንቱ መልሱ መጣ። «የተከበሩ እመቤት፤ የማይጠቅመኝን ሁሉ ጽፈውልኛል፤ የሚጠቅመኝን ግን ረስተውታል። የልጅቱ የልብ ትርታ በደቂቃ ስንት ነው? ሰዓት ከሌለዎት፣ ከመዝሙረ ዳዊት አንዱ አንቀጽ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚዘመረው ሁለት ጊዜ ይዘመር፤ እርስዎ እስኪያልቅ ድረስ ይቁጠሩ። አንድ ደቂቃ ያህል ነው።»

በመንደሩ ሰዓት ያለው የመሬቱ ጌታ ብቻ ነው፤ እሱም ለትርታ አያውስም። ስለዚህ መምህር ፒትኬርንን አስጠራሁ። ልጆች ያስተምራሉ፤ በሰንበትም መዝሙር ይመራሉ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን እያንዳንዱን ስንኝ መጀመሪያ እሳቸው ብቻቸውን ይሉታል፤ ከዚያ እኛ ተቀብለን አንዷን ቃል እንደ ሱፍ ክር እየጎተትን፣ እያጠማዘዝን እናወርዳታለን። አያቶቻችንም የዘመሩት እንዲሁ ነው። ግሪዝል ባለፈው ክረምት ኤድንብራ አክስቷ ዘንድ ከርማ ስትመለስ «እዚያ መቀባበል ቀርቷል፤ ቀጥ አድርገው ነው የሚዘምሩት» ብትላቸው ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰላም አላሏትም።

ግሪዝል በርጩማ ላይ ተቀመጠች። አውራ ጣቴን አንጓዋ ላይ አሳረፍኩ። መምህሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የመጀመሪያውን ስንኝ አሉ። ኒኒያን ተቀበላቸው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስንደርስ ሃምሳ አልፌ ነበር።

«እማዬ፣ እጄ ደነዘዘ።»

«ዝም በይ! ዘጠና ሁለት።»

«አፍንጫዬን ልከከው?»

«በሌላው እጅሽ። ዘጠና ስምንት።»

ሁለተኛው ዙር ሲያልቅ ሁለት መቶ ሰባት ደረስኩ። መምህሩ ላባቸውን እየጠረጉ «ብዙ ነው እንዴ?» አሉኝ።

«መምህር፣ ሊታረድ የተያዘ ዶሮ እንኳ እንዲህ አይመታም!»

ቁጥሩን ያን ቀን ላክሁ። መልሱ የመጣው ለሰርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። «በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ሁለት መቶ ሰባት ትርታ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ልጅቱ እስካሁን ቁጭ ብላ ማውራቷ ይገርማል። ትኩሳቱ አንጎሏ ውስጥ ሳይገባ ጸጉሯን ሙልጭ አድርገው ይላጩ፤ ከዚያም ቆዳን ውሃ የሚያስቋጥረውን የመድኃኒት ልጥፍ አናቷ ላይ ያድርጉላት።»

የግሪዝል ጸጉር ቀይ ነው፤ ወገቧ ድረስ ይወርዳል። በእኛ አገር ሴት ልጅ ጸጉሯን ለቃ ሰው ፊት የምትቆመው በሰርጓ ቀን ለመጨረሻ ጊዜ ነው፤ በማግስቱ እንደ ባለትዳር ትሸፍነዋለች። እጮኛዋ ኢንግራም ወደቡ ላይ የዓሣ በርሜል የሚሠራ ደህና ልጅ ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄም መቀሱን ሳልሁ።

«እማዬ፣ ለመሆኑ አሞሻል ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል?»

«በሽተኛ ምን ያውቃል!»

«ራሴን ተላጭቼ ነው ቤተ ክርስቲያን የምገባው?»

«በሬሳ ሳጥን ከምትገቢ ይሻላል።»

«አይዞሽ ልጄ» አላት ኒኒያን፣ «ኢንግራም በርሜል ሠሪ ነው፤ ክብና ልሙጥ ነገር አይጠላም።»

ግሪዝል ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ተለወጠባት። ኒኒያን ይህን ሲያይ ቀልዱን ተወና እጁን ዘረጋልኝ። «ከመላጨትሽ በፊት የእኔንም ቁጠሪ። ጤነኛ ሰው ስንት እንደሚመታ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር። መምህሩ እንደገና ተጠሩ፤ እንደገና ዘመሩ። የኒኒያን መቶ ሰማንያ አምስት ሆነ።

«አንተም!» ብዬ እጁን ለቀቅሁት።

ቀጥሎ ግሪዝል የእኔን ቆጠረች፤ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት። እኔማ ድሮም ጠርጥሬ ነበር። መምህሩም ፈራ ተባ እያሉ አንድ እጃቸውን ሰጡኝና እየዘመሩ አስቆጠሩ። ሁለት መቶ ሃያ አራት ስላቸው ፊታቸው እንደ ኖራ ነጣ፤ የሽመናው አግዳሚ ላይ ጋደም አሉ።

«ኑዛዜዬ መሳቢያው ውስጥ ነው» አሉ። «ለባለቤቴ በቀስታ ንገሩልኝ።»

ብዕሬን አነሳሁ። «ክቡር ዶክተር፤ እዚህ አራት ሰው እየሞተ ነው፤ ከአራቱ አንዷ ይህን የምጽፍልዎ እኔ ነኝ። ማን ማንን ይላጭ?»

ግሪዝል አፍንጫዋን ጠረገችና «ቆይ፣ የፊተኛውን ደብዳቤ ስጪኝ» አለችኝ። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው። «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚዘመረው ነው የሚለው። የትኛው ቤተ ክርስቲያን? ሰውዬው ያለው ኤድንብራ አይደለም እንዴ?»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ የእነሱን ነው መዘመር ያለብን! የአባዬን እጅ ያዥ።»

ያንኑ አንቀጽ ማንንም ሳትጠብቅ፣ ሳትጎትት፣ ቀጥ አድርጋ ሁለት ጊዜ ዘመረችው። ገና መቁጠሩ ሲጥመኝ ዝም አለች።

«ምነው ተውሽው?»

«ጨረስኩ እኮ።»

«ይሄ መዝሙር ነው ወይስ ከውሻ መሸሽ?» አሉ መምህሩ ከተጋደሙበት።

የኒኒያን ስድሳ ስድስት። የግሪዝል ሰባ አራት። የእኔ ዘጠና አንድ። መምህሩ «በዚህ ዜማ ከምድን እዚሁ ልቅር» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ትንሽ ቆይቶ ግን እጃቸው ብቻ ከጀርባቸው መጣ። ግሪዝል ዘመረች፤ እኔ ቆጠርኩ።

«ስንት ነው?» አሉ ሳይዞሩ።

«ሰማንያ።»

«ተመስገን።» ተነሥተው ባርኔጣቸውን አደረጉ። «ዜማው ግን ዜማ አይደለም። ስለ እኔም ለዶክተሩ አንዲት ቃል እንዳትጽፊ።»

አልጻፍኩም። የጀመርኩትንም ደብዳቤ ቀደድኩት፤ እኔም ነገሩን ለማስረዳት አፍሬ ነበር። «አሁን ሰባ አራት ነው» ብቻ ብዬ ላክሁ።

መልሱ በዚህ ጊዜ ዘግይቶ በሰርጉ ጠዋት ደረሰ። ግሪዝል መስተዋቱ ፊት ተቀምጣ ጸጉሯን እያበጠርኩላት ነበር፤ ኒኒያን ቆሞ አነበበልን። «ከሁለት መቶ ሰባት ወደ ሰባ አራት! የራስ መላጨትን ጥቅም ለሚጠራጠሩ የሙያ ባልደረቦቼ ይህን በስብሰባ ላይ አነብላቸዋለሁ። ሳይላጯት ቢቀሩ ኖሮ ዛሬ ልጅ አልነበረችዎትም።»

ኒኒያን ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ደጅ ወጣ። የእኔ እጅ ግን ማበጠሪያውን እንደያዘ ጸጉሯ ላይ ቆመ። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው ነው። ይህን ያህል እርግጠኛ ሆኖ ሲናገር ምናልባት እኛ ያላየነው ነገር ቢኖርስ? ዓይኔ ሳላዘው ወደ ጠረጴዛው ሄደ።

ግሪዝል በመስተዋቱ ውስጥ አየችኝ።

«እማዬ! እንዳታስቢው!»

መቀሱን ከጠረጴዛው አፈፍ አድርጋ ከቀሚሷ ሥር ከተተችና ተቀመጠችበት። ጸጉሯን አበጥሬ እስክጨርስ ከዚያ አልተነሳችም።