ከነሙሉ ዕቃዋ

«አሚን ብለሻል እኮ፣» አለ መኪና ሻጩ አብዲቃድር። «ሐጂ ዱዓ ሲያደርጉ እጅሽን ዘርግተሽ አሚን ብለሻል። አሁን ተመልሰሽ አልፈልግም ስትይ አታፍሪም?»

«አሚን ያልኩት ለመኪናዋ ነው፣» አለች ናዲፋ። «እናንተ ለለጠፋችሁባት ነገር አይደለም።»

«ምን ነበር ያሉት? ‹ከነሙሉ ዕቃዋ ኸይር ያድርግልሽ› አይደል? ሙሉ ዕቃዋ ይሄ ነው አቦ። ጎማና መሪ ብቻ መስሎሽ ነበር?»

ናዲፋ ወደ ሐጂ በድሩ ዞረች። ሽማግሌው በመኪና መሸጫው በር ላይ ተቀምጠው ጥርሳቸውን ይፍቃሉ። ዓይናቸው የድሬዳዋን የከዚራ ጎዳና ያያል፤ ክርክሩን የሰሙ አይመስሉም። የመሸጫው ባለቤት አጎት ናቸው። በዚያ ግቢ ዋጋ በተቆረጠ ቁጥር እሳቸው እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ የቁርኣኑ ፋቲሃ ይነበባል፣ ገዢም ሻጭም አሚን ብለው ፊታቸውን ያብሳሉ። ከዚያ በኋላ ማፈግፈግ የለም። ናዲፋም ያደገችው በዚሁ ነው። አባቷ መልካ ጀብዱ ላይ አንዲት ላም በፋቲሃ ሸጠው፣ ላሟ ገና ከበረት ሳትወጣ የተሻለ ዋጋ ይዞ የመጣውን ሰው ሻይ አጠጥተው ሸኝተውታል። አሚን የተባለበትን ያፈረሰ ሰው ንብረቱ ጠላት ይሆንበታል ይሉ ነበር። ስለዚህ የዚያን ዕለት ጠዋት ዋጋው ተቆርጦ ሐጂ እጃቸውን ሲዘረጉ እሷም ቶሎ ብላ ዘረጋች። ሙሉ ዕቃ የተባለው ምን እንደሆነ የሰማችው ባሏን ከቤታቸው ከሳቢያን ይዛ ስትመለስ ነው።

ሄዳ እስክትመለስ መኪናዋ ሌላ ሆና ጠበቀቻት። መስታወቶቹ ላይ ጥቁር ፕላስቲክ ተለጥፏል። ሆዷ ሬንጅ የሚመስል ነገር ተቀብቷል፤ ሽታው ገና አልለቀቀም። ወንበሮቹ ቆዳ ለብሰዋል። አላርም ገብቶላታል። ለሁሉም የሚጨመር ክፍያ አለ፤ እሷ ግን አንዱንም አላዘዘችም።

ለእያንዳንዱ «አልፈልግም» አብዲቃድር አንድ ፍርሃት ነበረው። ጥቁሩን ፕላስቲክ አልፈልግም ስትለው መስታወት ሰብረው ዕቃ ስለሚወስዱ ሌቦች አወራላት፤ ይሄ ከተለጠፈ ግን መስታወቱ ቢመታም ይሰነጠቃል እንጂ አይረግፍም። ቅቡን አልፈልግም ስትለው በድሬ አሸዋ ሆዱ ተበልቶ የቀረ መኪና ታሪክ አመጣ። ድምፁን ከፍ አያደርግም። ሽቶ ተቀብቷል፣ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል፣ ለሌላ ሰው ቢሆን ዝም እል ነበር፣ ለአንቺ ስለሆነ ነው ይላታል።

የት እንደሚያማትም ያውቅ ነበር። ራሷ ነች የነገረችው። ጠዋት ስትመጣ ለዘመድ እንደሚነገር ሁሉን ዘርግፋለት ነበር፦ ባሏ ጦልሃ ኩላሊቱ እንደደከመ፣ ደሙን ለማሳጠብ በየሳምንቱ ሐረር እንደሚወጣ፣ ሲመለስ በሚኒባስ ውስጥ የደንገጎ ጠመዝማዛ ላይ ራሱን እንደሚስት፣ አንድ ቀን ሾፌሩ የሞተ መስሎት መኪናውን አቁሞ ተሳፋሪውን እንዳስወረደ። የአባቷን የማንጎ ማሳ የሸጠችው ለዚህ ነው። ሰው ያልነዳት፣ ተጋጭታ ያልተጠገነች፣ መንገድ ላይ የማትቆም አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ፈለገች። ይህን ሁሉ ነግራዋለች። አሁን እሱ ያንኑ እየቆነጠረ ይመልስላታል።

«ደንገጎ መሀል ብትቆምብሽስ?» አላት ቀስ ብሎ። «ባልሽን አዝለሽ ልትወርጂ ነው?»

ናዲፋ የመኪናዋን ጣሪያ ደገፍ ልትል ብላ እጇን አነሳች፤ ቆርቆሮው እንደ እሳት ነበር። የግንቦት ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች። የከዚራ ሱቆች ለምሳና ለጫት በርጫ በራቸውን እየዘጉ ነው። አብዲቃድርም ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል፤ ሳይዘጋ ሊጨርስ ፈልጓል።

የቀረችው አንዲት ነገር ነበረች። የግቢው ዕቃ ገጣሚ ነህምያ ከመሪው ስር የደበቃት ትንሽ ሳጥን። መኪናዋ የትም ብትሆን በስልክ ታሳያለች፤ ሌባ ቢወስዳት ደግሞ እዚሁ ተቀምጦ በስልክ ማጥፋት ይቻላል። ያለዚህች ሳጥን መኪና አናስረክብም አለ አብዲቃድር።

«ከዚህ ሆኖ የሚያጠፋት ካለ፣» አለች ናዲፋ፣ «ደንገጎ ላይም ያጠፋታላ።»

«ማን ያጠፋታል? ስልኩ ያለው እኛ ጋ ነው።»

«እናንተ ጋ?»

«ዋስትናው እስኪያልቅ ነው። ከዚያ ለአንቺ እንሰጣለን።»

ይህን ስትሰማ የባሰ ፈራች። ዳገቱን፣ ገደሉን፣ ከኋላ ጋደም ያለውን ጦልሃን አሰበች፤ እዚህ ከዚራ ደግሞ ጥላ ስር ተቀምጦ ጫት የሚቅም ሰው አውራ ጣቱን ስልኩ ላይ አድርጎ ታያት። ግን እንዴት ብላ እንደምትነግረው አላወቀችም። ሳጥኗን አልፈልግም፣ አውጡልኝ ብቻ አለችው።

አብዲቃድር ሳቀ። ያላየችውን ነገር ስለምትፈራ ነው አለና ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «ቆይ ላሳይሽ።»

«ጦልሃ ውስጥ ነው።»

«ይሁና። እሱም ምስክር ይሆናል።»

ጦልሃ ከኋላ ወንበር ተጋድሞ ነበር። ቢሮው ይሞቃል ተብሎ ኤሲ ተከፍቶለት እዚያው እንዲያርፍ ያደረጉት እነሱ ናቸው። ቁልፉም ከመሪው አጠገብ ተቀምጧል። አብዲቃድር ስልኩን ነካ። የኤሲው ድምፅ ጠፋ፤ በሮቹ ቀጭ ብለው ተቆለፉ።

«አየሽ?» አለ። «ሌባው ታስሮ ቀረ።»

«ክፈተው።»

ስልኩን ነካ። ጠበቀ። እንደገና ነካ። ከዚያ ስልኩን ወደ ላይ አነሳው፣ ሁለት እርምጃ ወደ አጥሩ ሄደ፣ ተመለሰ። ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር።

ናዲፋ ሮጠች። ጥቁሩ መስታወት የራሷን ፊት ብቻ አሳያት። እጇን በዓይኗ ዙሪያ ጋርዳ ተለጥፋ አየች፤ ምንም። አንኳኳች። ከውስጥ ቀጠን ያለ ማንኳኳት መለሰላት። የኋላ በሮች ለሕፃናት ተብሎ ከውስጥ እንዳይከፈቱ ተደርገዋል፤ ለመውጣት ወንበር ተሻግሮ ወደ ፊት ማለፍ አለበት። ጦልሃ ደግሞ ያን ዕለት ጠዋት ከአልጋ የተነሳው በእሷ ትከሻ ነው። ወደ ፊት እንዲያልፍ በመስታወቱ ላይ አፏን አድርጋ ነገረችው። መስማቱን አላወቀችም።

ሌላ ቁልፍ የለም ወይ ብላ ጠየቀች። አለ፣ ባለቤቱ ጋ ነው፤ ባለቤቱ ጅቡቲ ነው። ነህምያ ከጓዳ ማርቴሎ ይዞ እየሮጠ መጥቶ የኋላውን መስታወት መታ። መስታወቱ ነጭ ሆኖ ተሰነጣጠቀ፤ አልረገፈም። ሊደግም ሲል አብዲቃድር ክንዱን ያዘው።

«ቆይ አቦ፣ አታበላሽ። ኔትወርኩ አሁን ይመለሳል።»

አሚን ያለችበትን ልታፈርስ እንደነበር ያኔ ትዝ አላት። ንብረቱ ጠላት ይሆንበታል። አባቷ ይህን ሲሉ ስለ ላምና ስለ መሬት ይመስላት ነበር። አሁን ጆሮዋን መስታወቱ ላይ አድርጋ ስታዳምጥ፣ አላህ ይህችን መኪና የዘጋት በእሷ ምክንያት መሰላት። ሌላ ምክንያት ልታስብ አልቻለችም።

«ሁሉንም እወስዳለሁ፣» አለች ወደ አብዲቃድር ዞራ። «ከነሙሉ ዕቃዋ። ሳጥኗንም። አንተ ክፈትልኝ ብቻ።»

አብዲቃድር ስልኩን ደጋግሞ ነካ። ላቡ አንገቱ ላይ ይወርዳል። «እህቴ፣» አለ፣ «ወላሂ አልከፍት አለኝ።»

ከውስጥ የሚሰማው ማንኳኳት ቆመ።

ነህምያ ክንዱን መንጭቆ እንደገና መታ፣ ደግሞም መታ። የተሰነጠቀው መስታወት ከላይ በኩል ከጠርዙ ለቀቀ። ናዲፋ ሻርፗን እጇ ላይ ጠቅልላ ጠርዙን ያዘችና በሙሉ ክብደቷ ወደ ታች ሳበችው። እንደ ቆዳ እየታጠፈ ወረደ። የታመቀው ሙቀት ፊቷን መታት። ጦልሃ በላብ ርሶ ጎኑ ላይ ወድቋል፤ ዓይኑ ተከፍቷል ግን ወዴት እንደሚያይ አይታወቅም። በቀዳዳው ብብቱን ይዘው ጎትተው አወጡትና ግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ስር አስተኙት።

አንድ ሰው የውሃ ጠርሙስ አመጣ፤ አፉ ላይ ሊያፈስለት ሲል ናዲፋ ጠርሙሱን ቀማችው። ሐኪሙ ውሃ መጥኖለታል፤ ብዙ መጠጣት ለእሱ ሌላ አደጋ ነው። አናቱና አንገቱ ላይ አፈሰሰችለት፣ ደረቱን አራሰችው፣ ጣቷን ነክራ ከንፈሩን ዳበሰችው። ደጋገመችው። ቆየት ብሎ ከንፈሩ ጣቷን ፈለገ።

«ማን አጠፋው?» አለ ጦልሃ።

ጣቷን ደግማ ነከረችለት። ያን ጊዜ ኔትወርኩ ተመለሰ። መኪናዋ ቀጭ ብላ በሮቿን ከፈተች፣ ኤሲውም በባዶ ወንበር ላይ መንፈስ ጀመረ።

ሰው ተሰበሰበ። ከጎን ሱቅ ያሉት መዝጋታቸውን ትተው ገቡ። መጀመሪያ ሁሉም አልሐምዱሊላህ አሉ፤ ወዲያው ግን መስታወቱን ማን ይክፈል የሚል ነገር ተነሳ። አብዲቃድር፣ ድምፁ ተመልሶለት፣ ቆይ እያልኩት የሰበረው ነህምያ ነው አለ። ነህምያ ማርቴሎውን መሬት ላይ ጥሎ፣ ሰው ውስጥ እያለ ማን ቆልፍ አለህ ብሎ አፈጠጠበት። ሐጂ በድሩም ከወንበራቸው ተነሱ። አሚን ከተባለ መኪናዋ የገዢዋ ናት፣ ስለዚህ የተሰበረውም መስታወት የገዢዋ ነው አሉ። አንዱ ጎረቤት ቁልፍ ሳትረከብ እንዴት የእሷ ይሆናል ብሎ ተቃወመ። ሌላው ቀብድ ከፍላለች አለ። ዱዓው ለሻጭም ጭምር ነው፣ የደበቀ ሻጭ አሚኑ አይያዝለትም የሚልም ተገኘ፤ ሐጂ ይህን ሲሰሙ ተቆጥተው ማስረዳት ጀመሩ።

ናዲፋ ዛፉ ስር ቁጢጥ ብላ የጦልሃን እጅ ይዛለች። በዚህ ሳምንትም ሐረር መውጣት አለ፤ በሚኒባስ። ያንኑ ጠመዝማዛ። የሰጠችው ቀብድ እንደማይመለስ ታውቃለች፤ አሚኗን ግን የት እንደምታደርሰው አታውቅም። አስተግፊሩላህ አለች በሆዷ፣ ደግማም አለች። ወደ መኪናዋ ቀና ብላ ስታይ የተከፈተው በር ወደ እሷ የዞረ መሰላትና ዓይኗን አሸሸች።

«መቆም ትችላለህ?» አለችው።

«ልንሄድ ነው?»

«አዎ።»

ክንዱን አንገቷ ላይ አሳለፈች፣ ወገቡን ያዘች፣ ብድግ አደረገችው። ቀለለባት፤ ይህም አስፈራት። ሐጂ ስለ ገዢና ሻጭ ሐቅ ጣታቸውን እያነሱ ይናገራሉ፤ ሰዉ ከበባቸው። ሁለቱ በአጥሩ ጥላ፣ ቀስ እያሉ፣ አንድ ጊዜ ለማረፍ ቆም ብለው፣ ወደ በሩ ሄዱ። ውጪ አንድ ባጃጅ ቆሟል። ጦልሃን አስገብታ አጠገቡ ተቀመጠችና ራሱን ትከሻዋ ላይ አደረገች።

«ሳቢያን፣» አለችው ሾፌሩን።

ባጃጁ ዞሮ የከዚራን የዛፍ ጥላ ይዞ ወረደ።