የቶፎል ላም ባሕር ወረደች

ቶፎልና ሚስቱ ጊዳ በስፔኗ ሜኖርካ ደሴት ላይ ተወልደው እዚያው ያረጁ ገበሬዎች ናቸው። ከቤታቸው እስከ ባሕሩ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ ሆኖም ቶፎል አሸዋውን ከረገጠ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። «ባሕር ሥራ ለፈታ ሰው ነው» ይላል። የዓለም ሕዝብ በማሳው ጥግ ወደ ባሕር ሲወርድ እሱን የሚያሳስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የግጦሹን በር ዘግተው ማለፋቸው። በመንደሩ ስብሰባ ላይማ «በር ከፍቶ የሚሄድ እንግዳ በመጣበት መርከብ ይመለስ!» ብሎ ጠረጴዛ ደብድቧል።

በተጋቡ በአርባኛው ዓመት ምን እንዲያደርግላት እንደምትፈልግ ጊዳን ጠየቃት።

«ባሕር ውሰደኝ» አለችው።

«የቱን ባሕር?»

«ስንት አለና? ሰው ሁሉ እያየው እኔ የማላየውን!»

እሑድ ጠዋት ወጡ። ቶፎል የክት ሱሪውንና የቆዳ ጫማውን አድርጓል። በአንድ እጁ ጃንጥላ፣ በሌላው ሁለት ወንበር ይዟል፤ ዳቦና ቋሊማ ያለበት ከረጢት አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

ጥዶቹ አሸዋው ድረስ ወርደዋል፤ ውሃው ጠበል ይመስላል። ሰዉ ተራርቆ ተኝቷል፤ አንዳንዱም ራቁቱን፣ እንደ ተወለደ። ቶፎል ወንበሩን ከኋላቸው ወዳለው ገደል አዙሮ ተቀመጠ።

«ምን ታያለህ ሰውዬ?» አለች ጊዳ።

«ድንጋይ።»

«ባሕሩ በዚህ በኩል ነው እኮ።»

«በዚያ በኩል ያለው ባሕር ብቻ አይደለም።»

ዳቦውን ሊገምጥ ሲል ጩኸት ሰማ። ዞር ቢል፣ አንዲት ቀይ ላም በተኙት ሰዎች መካከል እየተጎማለለች ትመጣለች። እግረ መንገዷን የአንዲት ሴት የሰሌን ባርኔጣ አነሣችና ታላምጠው ጀመር። ሮዣ ነበረች፤ የገዛ ላሙ።

ቶፎል የጠዋቱ በር ትዝ አለው። ሁለት እጁ ሙሉ ስለነበር የግጦሹን በር በተረከዙ ገፋ አድርጎት፣ ሳይቀረቅረው ነው ያለፈው።

«አባት፣ የማን ላም እንደሆነች ያውቃሉ?» አለችው ባለባርኔጣዋ። ከማድሪድ የመጣች ሴት ናት።

«እኔ ምን አውቄ እመቤት! ገና አሁን ማየቴ ነው።»

ሮዣ ቀረብ ብላ መላጣውን ላሰችው።

«እሷ ግን የምታውቅዎት ትመስላለች።»

«ጨው ወዳ ነው። ስላላበኝ።»

ጊዳ ሳቋን በፎጣ አፍና ጠጋ አለችው። «ሁለቴ ካድክ። ሦስተኛውን ዶሮ ሲጮህ ነው?»

ቶፎል ተነሥቶ ሄደ፤ ሮዣ ተከተለችው። ፈጠን ሲል ፈጠነች፤ ሲታጠፍ ታጠፈች። መላ ቢያጣ ላም መቼም ባሕር አትገባም ብሎ ከነጫማው ውሃው ውስጥ ገባ። ወገቡ ድረስ ደርሶ ሲዞር፣ ሮዣ አፍንጫዋን ቀስራ እየቀዘፈች ትመጣለች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቢል መሬቱ ከእግሩ ሥር ጠፋ። ዕድሜ ልኩን ደሴት ላይ ኖሮ ዋና የሚባል አያውቅም።

«ሮዣዬ!» ብሎ ጮኸ። «ነይ ልጄ! ነይልኝ፣ አትተዪኝ!»

ይህን ያልሰማ አልነበረም። ላሟ በጎኑ ስታልፍ ጅራቷን ለቀም አደረገ፤ እሷም ዞራ እየጎተተች አሸዋው ላይ ጣለችው። ጭብጨባው ቀለጠ። እንደ ተወለዱ የተኙትም ብድግ ብለው ስላጨበጨቡ ቶፎል ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ።

«የርስዎ ናት እንዴ?» አለች የማድሪዷ ሴት።

«የኔው ናት» አለ ውሃ እየተፋ። «በሩንም የተውኩት እኔው ነኝ። ለባርኔጣሽ አንድ ድፍን አይብ እክስሻለሁ።» ከዚያ ወደ ጊዳ ዞረ። «ተነሺ፣ እንሂድ!»

«አንተ ላምህን ይዘህ ሂድ። እኔ ገና እግሬንም አላረጠብኩ።»

ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ጊዳ ጸጉሯ እንደ ረጠበ ወደ ቤት መጣች። አይቧን ልትወስድ የመጣችው የማድሪዷ ሴትም አብራት ነበረች፤ እንደ አብሮ አደግ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ይሳሳቃሉ። ቶፎል ደጃፉ ላይ ጫማውን ገልብጦ ያንጠባጥባል።

«ሐሙስ ዋና ልታስተምረኝ ተቀጣጥረናል» አለች ጊዳ።

«እኔስ?»

«አንተማ አስተማሪህ በረት ውስጥ ናት።»

ቶፎል ጫማውን ማራገፉን ቀጠለ። ሐሙስ ግን አሮጌ ሱሪውን ከጉልበቱ በላይ ቆርጦ፣ ማንም ሳይጠራው አብሯቸው ወረደ።