የሶፋ ቤቱ እናት

ዋጋነሽ አየር ጤና ባለው የግሩም ሶፋ ቤት አስራ አንድ ዓመት ስትሰፋ፣ ባለቤቱ ግሩም አንድ ቀን እንኳ ስፌት ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ አያውቅም። ዛሬ ግን ገብቶ ተቀመጠ። የአናጢውን ቱታ ለብሶ፣ ሰዓቱን አውልቆ፣ ለስላሳ እጆቹን ማስቲሽ ቀብቷል።

ነገሩ የመጣው ሆቴል ውስጥ የሦስት ቀን ሥልጠና ከወሰደ ወዲህ ነው። «ከእንግዲህ ማስታወቂያ የለም» ሲል ሰነበተ። «ሰው ሶፋ አይገዛም፤ የሚገዛው እውነተኛ ታሪክ ነው።» እውነቱን የምትቀርጽለት ዮዲ የምትባል ባለሙያም ቀጠረ። አባቱ ሦስት የጭነት መኪና የነበራቸው ሰው እንደሆኑ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በቪዲዮው ግን ግሩም የሙት ልጅ ነው፤ ያሳደገችውም አንዲት ምስኪን ልብስ ሰፊ ናት።

«እማዬ፣ እዚህ ጋ ጠጋ ይበሉ» አለ።

ዋጋነሽ ዞራ አየች። ከኋላዋ ሌላ ሰው የለም። እስከ ትናንት «አንቺ» ነበር የሚላት።

ዮዲ ስልኳን ደቀነች። «እንደ እናቱ እንደሚያይዎት፣ ሲታመሙ እንዳሳከመዎት ይናገሩ። ብቻ እንዳያስመስሉ!»

ዋጋነሽን ሳቋ አመለጣት። መርፌው አውራ ጣቷን በስቶ የወጣ ዕለት ግሩም ያላት «ጨርቁን ደም እንዳይነካው» ነበር።

«አቶ ግሩም፣» አለች ስልኩን ትታ እሱን እያየች፣ «የልጄ ስም ማነው?»

ግሩም ፈገግ እንዳለ ወደ ዮዲ ዞረ።

«እሺ ስሙ ይቅር። ወንድ ይሁን ሴት ይንገሩኝ።»

«ቁረጪው!» አለ ግሩም።

«ፊታቸው ግን በጣም አሪፍ ወጥቷል» አለች ዮዲ።

በማግስቱ ልጇ ራዕይ ቪዲዮውን በስልኳ አሳየቻት። የዋጋነሽ አፍ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። በምትኩ ዋሽንት ይነፋል፤ ከሥሩም «ከወለድኩት ልጅ ይበልጥብኛል» ይላል። አርባ ሺህ ሰው አይቶታል። «አለቀስኩ» ያለው መዓት ነው።

«እኔ ታዲያ የት ሄጄ ነው?» አለች ራዕይ ተኮሳትራ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ደንበኛ ከዘነበወርቅ መጥታ ዋጋነሽን አቅፋ ሳመቻት። «እርስዎን ብዬ ነው የመጣሁት። ልጅዎ ይባረክ!»

«አሠሪዬ ነው እንጂ ልጄ አይደለም» አለች ዋጋነሽ። «ያን ቃልም አልተናገርኩም። ድምፄን አጥፍተው የጻፉት ነው።»

ግሩም ሮጦ መጥቶ «እማዬ ሲቀልዱ ነው!» እያለ ትከሻዋን አቀፈ። በጆሮዋ ግን «አፍሽን ዝጊ» አላት።

ዋጋነሽ እጁን እንደ ቆሻሻ ጨርቅ ከትከሻዋ ላይ አነሳችና መቀሷን ይዛ ወጣች። ደንበኛዋም ቦርሳዋን ዘግታ ተከተለቻት።

አሁን ዋጋነሽ ከመንገዱ ማዶ፣ ያደሳ በሚባል ሰው ሶፋ ቤት ትሰፋለች። ያደሳ ቁጡ ነው፤ ሻይ እንኳ አይጋብዝም። ደግ ነኝ ብሎም አያውቅም። ባለፈው ሳምንት፣ ዮዲ ነጠላ የለበሱ አንዲት አሮጊት ደግፋ ወደ ግሩም ሶፋ ቤት ስታስገባ ዋጋነሽ በመስኮት አየቻት። የስፌት መኪናዋን አቁማ፣ ግሩም «እማዬ» ሳይላቸው አሮጊቷን ልታስጠነቅቅ መንገዱን ተሻገረች።