የእትዬ ፍሬን ክሮች

ሴትዮዋ መኪና መንዳት ታስተምራለች። ተማሪዎቿ በሌለችበት «እትዬ ፍሬን» ይሏታል፤ ፊት ለፊቷ ግን «እትዬ» ብቻ ናት። ስሙ የወጣላት በእግሯ ሥር ባለው ፍሬን ነው። መኪናው የማሠልጠኛ ስለሆነ፣ መሪ ከያዘው ተማሪ ሌላ ከጎኑ የምትቀመጠው አስተማሪም ለክፉ ቀን የምትረግጠው የራሷ ፍሬን አላት። ሁለቱ ከታች በአንድ ብረት ስለተያያዙ አንዱ ሲረገጥ ሌላውም አብሮት ይወርዳል።

እግሯ ፍሬኑ ላይ ቢሆንም እጇ ሥራ አይፈታም፤ ሹራብ ትሠራለች። ተማሪዎቿም መንገዱን ከማየት ይልቅ መርፌዎቿን ማዳመጥ ለምደዋል። ቀጭ ቀጭ ካሉ አገር ሰላም ነው። ድንገት ጸጥ ካሉ ግን አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነውና የተማሪው ላብ ከግንባሩ ይንቆረቆራል።

ችግሯ አንድ ብቻ ነበር፤ መጀመር እንጂ መጨረስ አልፈጠረባትም። የአማቷ ሻል ከግማሽ አላለፈም። ለጎረቤት ቃል የገባችው የትራስ ልብስ አንድ ገጽ ይዞ ቀርቷል። የባሏ ግራጫ ሹራብ ደግሞ የተጀመረው ሰውየው ሙሉ ፀጉር በነበረው ዘመን ነው። አሁን መሐል አናቱ ተገልጧል፤ ሹራቡ ግን ገና የቀኝ እጅጌ የለውም።

ባሏ የሂሳብ መምህር ነው፤ ያልተጠናቀቀ ነገር ሲያይ አያስችለውም። ስለዚህ ለተቃውሞ ብሎ ሹራቡን እንዳለ፣ በአንድ እጅጌው፣ ቤት ውስጥ መልበስ ጀመረ።

«ይሄ እጅጌ ይመጣል ወይስ ክንዴን ልቁረጠው?»

«ይመጣል፤ ምን አስቸኮለህ? ብርዱ ገና ነው።»

«ብርዱ መጥቶ ሄደ እኮ፣ አንቺ ሴት!»

በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀና አስማላት። «ይሄ እጅጌ ሳያልቅ አዲስ ክር የዚህን ቤት ደጃፍ አይረግጥም በይ።»

«አይረግጥም።»

«ማይልኝ።»

«እናቴ ትሙት!» አለች። እናቷ በሕይወት ያሉ፣ ጤናቸውም የተሟላ ስለነበር መሐላው የዋዛ አልነበረም።

በዚያ ሰሞን ከምታስተምራቸው አንዱ ፀጉር አስተካካይ ነበር። እጁ መሪ ላይ ቢሆንም ዐይኑ የሚሄደው እግረኛው ራስ ላይ ነው። «ያንን ማጅራት አዩልኝ፣ እትዬ? ማን ይሆን እንደዚያ የጨፈጨፈው?» ይላል። «መንገዱን! መንገዱን እይ!» ትላለች። ፈተና ወድቋል፤ ደግሞም ወድቋል። ያለፈው ጊዜ የወደቀውማ ፈታኙን ዞር ብሎ እያየ «ጌታዬ፣ የግራው ጢምዎ ከቀኙ ይረዝማል» ሲላቸው መኪናዋ የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥታበት ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ሁለቱ በአንድ የክር መደብር በኩል ሲያልፉ፣ መስኮቱ ላይ አዲስ ክር ተደርድሮ አየች። ቀለሙ እንደተላጠ ካሮት ነው፤ ገና ሳትነካው እንደ ጫጩት ሆድ እንደሚለሰልስ ታወቃት።

«እዚህ ጋ አቁም!» ብላ ጮኸች።

ሰውየው ከድንጋጤው የተነሣ፣ ከዚያ በፊት አንድ ቀን እንኳ በወጉ አቁሞ የማያውቀውን መኪና በሁለት መኪኖች መሐል እንደ መሳቢያ ወሽቆ አስገባው። «እትዬ! ገባች እኮ! አዩልኝ?» ቢል የሚሰማው አላገኘም። እሷ መደብሩ ውስጥ ናት።

ክሩን ታቅፋ ስትወጣ መሐላው ትዝ አላትና ክው አለች። ቆማ አሰበች። ክሩ የቤቱን ደጃፍ እንዳይረግጥ ነው የማልኩት። መኪና ቤት ነው? አይደለም። ደጃፍስ አለው? ያለው በር ነው። ሐሳቧ አረፈ፤ ክሩም የመኪናዋ ቤተሰብ ሆነ።

ክር ደግሞ ብቸኝነት አይወድም። ካሮቱ ውሎ ሳያድር አረንጓዴ ተከተለው፤ ለአረንጓዴው ነጭ ያስፈልገዋል ተባለ፤ ከዚያ ሰማያዊው ምን በድሎ ይቀራል? መኪናዋ ከኋላ ጢም ብላ ሞላች። ቦታ ሲጠባት ክሪኩን፣ የጎማ መፍቻውንና ለአደጋ ጊዜ መንገድ ላይ የሚቆመውን ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ቀስ እያለች ወደ ቤት አስገባቻቸውና ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከባሏ ካፖርት ጀርባ ደበቀቻቸው። የመኪናው ዕቃ ቤት ገባ፤ የቤቱ ዕቃ መኪና ገባ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ፀጉር አስተካካዩ ቁልቁለት ይዞ ሲወርድ፣ እሷ እርጉዝ ለሆነችው ታናሽ እህቷ በካሮቱ ክር የሕፃን ካልሲ ጀምራ ነበር። ከጎን አንድ ጎፈሬያም ሰው ብቅ አለ።

«ወይ ጉድ! እትዬ፣ ያንን ደን ይመልከቱልኝ!» ብሎ ሰውየው ከነአንገቱ ዞረ። መኪናዋም ከአንገቱ ጋር ዞረች።

መሪውን ለማቃናት ስትንጠራራ፣ ጠበቅ አድርጋ የጠቀለለችው ድቡልቡል ክር ከጭኗ ወርዶ ወደ ሰውየው እግር ተንከባለለና ከፍሬኑ ሥር ገብቶ አረፈ። ፊት ለፊት አንድ ገልባጭ መኪና መንገድ ዳር አሸዋ አራግፎ ወደ ኋላ እየመጣ ነው። ሰውየው ፍሬን ረገጠ፤ ጥቂት ወርዶ እምቢ አለው። እሷም የራሷን ረገጠች፤ እሱም እምቢ። ሁለቱ ፍሬኖች ለደጉም ለክፉም አንድ ናቸውና።

«እትዬ፣ አለቀልን!»

«ዝም በል!» አለችና በአንድ እጇ የእጅ ፍሬኑን ሽቅብ ሳበች፤ በሌላው መሪውን ወደ አሸዋው ክምር ጠመዘዘችው። መኪናዋ እያጓራች አሸዋው ላይ ወጣችና አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ሰቅላ ቆመች።

«ቆምን?» አለ ሰውየው ዐይኑን ጨፍኖ።

«ቆምን።»

«እኔ ነኝ ያቆምኳት?»

ሰው ተሰበሰበ። ወጣት ትራፊክ ፖሊስ መጣ። «ምን ሆናችሁ ነው?» ሲል ፀጉር አስተካካዩ ቀደም ብሎ «ፍሬኑን ክር ያዘው» አለ።

«ምን ያዘው?»

«ክር!»

ትራፊኩ ጎንበስ ብሎ ከፍሬኑ ሥር የክሩን ጫፍ አገኘና ሳበው። ክሩ መጣ፤ አሁንም መጣ። ልጁ ሳይታወቀው ክንዱ ላይ ይጠቀልል ጀመር። ከተሰበሰበው ሰው መሐል አንዱ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር፤ መኪናም ያስራል ለካ!» ሲል ሁሉም በሳቅ ፈረሰ።

«እስቲ ባለ ሦስት ማዕዘኑን አውጡና መንገዱ ላይ አቁሙት» አለ ትራፊኩ፣ ሳቁን እየዋጠ። እሷ አፏን ሳትከፍት ፀጉር አስተካካዩ ለመታዘዝ ፈጥኖ የኋላውን ክፍል ከፈተው። መኪናዋ ሽቅብ ቆማለችና ካሮቱ፣ አረንጓዴው፣ ነጩና ሰማያዊው ክር ተግተልትሎ ወርዶ አስፋልቱን ሞላው።

«ምልክቱስ?» አለ ትራፊኩ።

«ቤት ነው» አለች።

«ቤት ምን ይሠራል?»

ወደ ባሏ ደወለች። «ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከካፖርትህ ጀርባ፣ የመኪናው የአደጋ ምልክት አለ። ቁልቁለቱ ጋ ነን፤ ይዘህልኝ ና።»

«ክሪኩም እዚያው ነው?»

«እዚያው ነው።»

«እኔ ደግሞ ካፖርቴን ግራሶ ማን ቀባብኝ እያልኩ ተማሪዎቼን ስጠረጥር ከረምኩ!»

አደጋ የሚለውን ቃል ከሰማ በኋላ ልብስ ሊቀይር አልቻለም። በአንድ እጁ ባለ ሦስት ማዕዘኑን፣ በሌላው ክሪኩን ይዞ፣ ያንኑ ግራጫ ሹራብ እንደለበሰ እየሮጠ መጣ። ትራፊኩ ራቁቱን የቀረውን ክንድ ሲያይ ደነገጠ።

«አባቴ፣ እርስዎም መኪናው ውስጥ ነበሩ? እጅጌዎን ምን ወሰደው?»

ባልየው አስፋልቱ ላይ የተበተነውን ክር አየ። ከዚያ ሚስቱን አየ። «እሱን እሷን ጠይቃት» አለ ቀስ ብሎ።

ሰዉ እንደገና ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ክንዱ በነፋሱ ብርድ ብርድ ብሎት ፀጉሩ ቆሟል። ስንት ጊዜ ቤት ውስጥ እንደዚህ ሆኖ ሲያልፍ እያየች አላየችውም ነበር። አንጀቷን በላት።

«ደጃፉን ግን አልረገጠም» አለች፣ የምትለው ቢጠፋት።

«ምን?»

«ክሩ። የቤቱን ደጃፍ አልረገጠም። መኪና ውስጥ ነው የኖረው።»

የሂሳብ መምህሩ ነገሩን ከዚህም ከዚያም አገላብጦ ስሕተት ፈለገበት፤ አጣበት። ሊቆጣ በከፈተው አፉ ጫፍ ላይ ፈገግታ ብቅ አለ። «እውነትሽን ነው» አለ። «ቤት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሳልወስን ያስማልኩት እኔ ነኝ ጥፋተኛው።»

ትራፊኩ ክንዱ ላይ የጠቀለለውን ክር አውልቆ ሰጣትና «ከዛሬ ጀምሮ ከፊት ወንበር ላይ ክርና መርፌ እንዳላይ» ብሎ አስጠነቀቃት። ሰው ተባብሮ መኪናዋን ከአሸዋው ላይ ገፍቶ አወረዳት። ክሩን ሲለቃቅም የዋለው ባሏ ነው፤ አረንጓዴውን ሲሰበስብ «ይሄኛውስ ያምራል» ሲል ሰምታዋለች።

እጅጌውን በዚያው ሳምንት ጨረሰችለት። የድሮው እጅጌ መኪና ውስጥ፣ በተማሪ ፍርሃት እየተሳቀቀች የሠራችው ስለሆነ ጠባብ ነው፤ አዲሱ ሶፋ ላይ ተዘርግታ ስለሠራችው እንደ ከረጢት ሰፋ። ባሏ ግን ትምህርት ቤት ለብሶት ሄደ፤ ተማሪዎቹም በአፋቸው ባይሆን በዐይናቸው ሳቁበት።

መኪናው ውስጥ ግን ነገሩ ከፋ። እጇ ሥራ ሲፈታ ዐይኗ መንገዱ ላይ ወደቀ፤ መንገዱን ስታይ ደግሞ አደጋ የሌለበት ቦታ አጣች። «ተጠንቀቅ! ውሻ! ቀስ በል!» ስትል ትውላለች። ተማሪዎቹ «ኧረ ዝም ብላ በሠራች!» እያሉ ተነጫነጩ።

ፀጉር አስተካካዩ እንደገና ለፈተና ሲቀርብ ልቧ ተንጠልጥሎ ቆየ። ከመኪናው ሲወርድ ፊቱ በርቶ ነበር። «አለፍኩ፣ እትዬ!»

«እንዴት ብለህ?»

«የዛሬው ፈታኝ መላጣ ናቸው፤ አንዲት ፀጉር የለቻቸውም። ምን ላይ ልናገር? መንገዱን አየሁ።»

እህቷ ሴት ልጅ የወለደች ዕለት፣ ውለታ ለመመለስ ብሎ ባልና ሚስቱን በወንድሙ መኪና ሆስፒታል ያደረሳቸው እሱ ነው። እሷ ከኋላ ተቀምጣ የካሮቱን ካልሲ ሁለተኛ እግር መንገድ ላይ ጨረሰች። ካልሲው ለሕፃኗ ጉልበቷ ድረስ ደረሰ፤ እህትየው እስክታነባ ሳቀች።

ሲመለሱ ባልየው ሾፌሩን «ግባ፣ አንድ ነገር ቅመስ» አለው። ሰውየው ገብቶ ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀመጠና ዐይኑን በመላጣው ዙሪያ ከቀረው የመምህሩ ፀጉር ላይ መንቀል አቃተው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄን ማን ነው የቆረጠዎት?»

መምህሩ ወደ ሚስቱ አየ።

«እኔ ነኝ» አለች እሷ፣ ድስቱን እያማሰለች። «ጀምሬ አልጨረስኩትም።»

ሰውየው ከጃኬቱ ኪስ መቀስና ማበጠሪያ አወጣ፤ መምህሩም አንገቱ ላይ ፎጣ ጣል አድርጎ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረ።