የሶፋው ሆድ

ሶፋ አዳሹ ጋሽ ምስማር ኪሱን ስንት ጊዜ እንደዳበሰ ራሱም አያውቅም። ቦርሳው የለም። ስፖንጁን ገለበጠ፣ የጨርቅ ቁርጥራጩን በታተነ፣ ከጠረጴዛው ሥር በእጁ አሰሰ፤ ያተረፈው ማስነጠስ ብቻ ነው። ምስማር የሚለውን ስም ያወጡለት ጎረቤቶቹ ናቸው። ሥራ ላይ ሲሆን አፉን ምስማር ስለሚሞላው ሰላምታ እንኳ የሚመልሰው በቅንድቡ ነው። አሁን ግን አፉ ባዶ ነው።

ለገንዘቡ ቢሆን እርም ብሎ ይተወው ነበር። ቦርሳው ውስጥ ግን የሟች ሚስቱ ጉርድ ፎቶ አለ፤ አንድ ለእናቱ። ነፍሷን ይማርና ካሜራ ጠላቷ ነበር። ማታ ማታ መብራት ከማጥፋቱ በፊት ያያታል። አሁንም ዓይኑን ጨፍኖ ሊያያት ሞከረ። ሻሿ መጣለት፤ ፊቷ አልመጣም። እውነተኛው ፍርሃት የያዘው ያን ጊዜ ነው።

ጥርጣሬው ወዲያው ተሸካሚው ላይ አረፈ። ጠዋት ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ያደሰውን ሶፋ ወደ ገዢዋ ቤት እንዲያደርስ ከመንገድ ዳር የጠራው ሰው ነው፤ ከየት እንደመጣ አያውቅም። ከእሱ በቀር ሱቁን የረገጠ የለም፤ ታዲያ ማን ሊወስደው ነው? በሩን እንኳ ሳይቆልፍ ወጣ።

ተሸካሚው መንገዱ ዳር ገመዱ ላይ ተቀምጧል። ምስማር ሰላም ሳይለው፣ ብሩን ውሰደው፣ ፎቶውን ብቻ መልስልኝ አለው፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሰውየው ቀስ ብሎ ተነሳና ኪሶቹን አንድ በአንድ ገለበጠ። ማበጠሪያና ግማሽ ሲጋራ ወጣ። ፊቱ ጠቁሯል።

«ጋሼ፣ ሲንበረከኩ ቦርሳው ቆረቆረዎትና ከኋላ ኪስዎ አውጥተው ሶፋው ሆድ ውስጥ አስቀመጡት» አለ። «የሥሩን ጨርቅ በምስማር ሲመቱበት እኔ ገመዴን እየፈታሁ ነበር። ያወጡት መስሎኝ።»

ምስማር ክው አለ። ልማዱ ነው። ቦርሳው ሲቆረቁረው እጁ አውጥቶ ያገኘው ቦታ ያኖረዋል፤ እጁ የሠራውን ጭንቅላቱ አይሰማም። በገዛ መዶሻው ሚስቱን ቸንክሮ ሸኝቷታል። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ይቅርታ ሊል ሲል ተሸካሚው ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ መንገድ ጀምሯል። ቤቱን የማውቀው እኔ ነኝ፣ ይምጡ አለው ዞር ሳይል።

ምስማር መንገዱን ሙሉ ፊቷን ሲፈልግ ሄደ። ከዓይኗ ጀመረ፤ የእህቷ ዓይን መጣበት። ገዢዋ ፎቶውን ከቆሻሻ ጋር ጥላው ቢሆንስ?

በሩን የከፈተችው መነጽር ያደረገች ሴት ናት። ስለ ቦርሳው ሲጠይቋት፣ አዎ፣ ስትቀመጥ ቆርቁሯት የሶፋውን ሆድ በመቀስ ከፍታዋለች። ቦርሳውን አምጥታ ግን ደረቷ ላይ ያዘችው። ሶፋው አሮጌ ነው፣ ስንት ሰው ተቀምጦበታል፤ ደግሞ በሯ ላይ የቆሙት ሁለት ናቸው፤ የማን እንደሆነ በምን ታውቃለች?

«ከሰጠሁ ለባለቤቱ ነው» አለች። «ፎቶው ላይ ያለችው ሴት ምን ትመስላለች?»

ምስማር አፉ ምስማር የሞላ ይመስል ቅንድቡን ብቻ አነሳ። ሻሽ አድርጋለች ቢል ማንም የሚለው ነው። ተሸካሚው አጠገቡ ቆሞ የጫማውን ጫፍ ያያል። የሴትዮዋ እጅ ቦርሳውን ጠበቅ አደረገ።

«መልኳ አልመጣልኝ አለ» አለ በመጨረሻ። «ግን ፎቶ አንሺው አትሳቂ ብሏት ነበር። እኔ ከኋላው ቆሜ አሳቅኳት። ከንፈሯን ነክሳ ነው የተነሳችው።»

ሴትዮዋ ቦርሳውን ከፍታ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አስጠጋች። ብዙ አየችው።

«አሁንም ሳቋ ሊያመልጣት ነው» አለችና ሰጠችው።

ምስማር ሊያያት ጎንበስ ብሎ ቆም አለ። ቦርሳውን እንደተከፈተ በሁለት እጁ ወደ ተሸካሚው ዘረጋ።

«መጀመሪያ አንተ እያት» አለው።