ከሐዲዱ እስከ ወንዙ

ባሌን ዱጉማን የገደሉት በጠራራ ፀሐይ ነው። ባቡሩ እየጮኸ አቃቂ ጣቢያ ሲገባ ጠብቀው መጡ፤ ፉጨቱ ዋይታችንን እንዲውጥላቸው። ወንድ ነን ባዮች!

ዱጉማ የወረዳው መዝገብ ቤት ዘበኛ ነበር። ቀኛዝማች አሻግሬ ከሐዲዱ እስከ ወንዙ ያለው መሬት ሁሉ የኔ ነው ብሎ ሰፈራችንን ከሶ፣ ዳኛው «ሰኞ ካርታው ይቅረብ» ብሎ አዟል። ካርታው ሐዲዱ ሲዘረጋ መሐንዲሶች የሳሉት ነው። የአማቴ የሰቦቃ ማሳ፣ የጎረቤቶቻችን ማሳ፣ መቃብራችን ሳይቀር በየስሙ ተጽፎበታል። እሱ ከጠፋ ሁላችንም ጓዛችንን ተሸክመን መንገድ ላይ ነን። ያ ሆዳም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

የዱጉማን ምሳ ይዤ ስደርስ በሩ ተገንጥሏል። የቀኛዝማች አሽከር በቀለ ዱላ ከያዙ ሁለት ጎረምሶች ጋር ውስጥ ገብቷል። ዱጉማ ግድግዳው ሥር ወድቋል፤ ክንዱ ተሰብሮ ወደ ኋላ ዞሯል፣ ራሱ ተፈንክቶ ደሙ ዓይኑ ውስጥ ይወርዳል። እነሱ መደርደሪያውን እየገለበጡ ወረቀቱን ግቢው ውስጥ ይከምራሉ።

«ወረቀት የሚባል እንዳይተርፍ!» ይላል በቀለ። «ጌታዬ አንድም አልፈልግም ብለዋል!»

ክብሪቱን ሲያወጣ አየሁት። ደጃፉ ላይ የወደቀውን የበሩን ጓጉንቸር አንስቼ አፉ ላይ አሳረፍኩበት። ጥርሱ ሲረግፍ ሰማሁ፤ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል። አንደኛው ጎረምሳ ወገቤን በዱላ አለኝ፣ ሌላው በፀጉሬ ጎትቶ ባሌ ላይ ወረወረኝ።

«ልጨርሳት?» አለ።

«ከሬሳዋ በፊት ወረቀቱ፣ አንተ ደንቆሮ!» አለ በቀለ ደም እየተፋ። ተከታትለው ወጡ።

ዱጉማ ጆሮዬ ሥር በኦሮምኛ «ደረቴ ውስጥ ነው» አለኝ።

ሲመጡ አይቷቸው ካርታውን ካፖርቱ ውስጥ ሸጉጦታል። የሐዲድ ካርታ እንደ ሌላው ካርታ አይደለም። መንገዱ ቀጭን ስለሆነ እሱም እንደ መቀነት ጠባብና ረዥም ነው፤ የተሳለውም ስስ ጨርቅ ላይ ነው። ዱጉማ ብል እንዳይበላው ፀሐይ ላይ ሲያናፍሰው ስንቴ አይቻለሁ። ካፖርቱን እንደሚፈትሹ ገባኝ። ስዕሉን ወደ ውስጥ አድርጌ የተፈነከተ ራሱን ጠመጠምኩበት። ወዲያው በደም ራሰ።

ክምሩን ለኩሰው ተመልሰው መጡ። ካፖርቱን ቀደዱት፣ ሱሪውን በረበሩት፣ ጫማውን አወለቁ። የእኔንም ቀሚስ በጣጠሱት፤ ነውር የሚባል አያውቁ።

«የባቡሩ ወረቀት የታለ?» በቀለ ዱጉማ ላይ ቆመ።

«አቃጥላችሁት የለ?» አልኩት። «ሂድና አመዱን ጠይቀው!»

በንዴት እግሩን አንስቶ የተጠመጠመውን የዱጉማን ራስ ረገጠው። ከዚያ ወዲያ ዱጉማ አልተነፈሰም። በቀለ የፈለገውን በጫማው ረግጦ ሄደ።

ጨርቁን የፈታሁት ሬሳው ሲታጠብ ነው።

ሰኞ ከልቅሶው ተነስቼ፣ በእንጨት ምርኩዝ እያነከስኩ ችሎት ገባሁ። ጨርቁን ከጉያዬ አውጥቼ ዳኛው ፊት ዘረጋሁት። የረጋው ደም ጠረጴዛው ላይ ተፈረፈረ። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ።

የቀኛዝማች ነገረፈጅ ብድግ አለ። «ጌታዬ፣ ይህ ለችሎት ክብር አይገባም። ታጥቦ ይቅረብ!»

«ታጥቦ ቀለሙ እንዲለቅልህ ነው? መጀመሪያ የጌታህን እጅ እጠብ!» አልኩት።

ዳኛው ዝም በሉ አለን። ሐዲዱን በጣቱ እየተከተለ ስሞቹን ጮክ ብሎ አነበበ። «የሰቦቃ ማሳ» ሲል ምርኩዜን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ፤ አልተቀመጥኩም፤ ያ ቀኛዝማች ተብዬ እያየኝ አልቀመጥም። መሬቱ የሰፈሩ ሆነ። በቀለ ወህኒ ወረደ፤ ጌታው ግን ቤቱ ገባ።

ካርታው ዛሬም እዚያው መዝገብ ቤት አለ። ባለፈው ወገቤን ይዤ ሄጄ ላየው ብል፣ አዲሷ መዝገብ ያዥ አሰጋሽ አውጥታ ዘረጋችልኝ። ወንዙ አጠገብ ያለውን ጥቁር ነገር በጣቷ እየነካካች፣

«እማማ ዳሲቱ፣ እዚህ ጋ ድሮ ኩሬ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

«ኩሬ አይደለም፤ ባሌ ነው» አልኳት። «ጣትሽን አንሺ።»