ተነሥ የሚለው ሰዓት

ሰዓቱ በለይኩን ሱሪ ኪስ ውስጥ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ከጠዋት ጀምሮ ሦስተኛው ነው።

«አንተ፣ ስልክህ ነው እንዴ?» አለ ቢሻው፣ ጎኑ ተቀምጦ ንፍሮ እየዘገነ። ቢሻው ጎረቤቱ ነው፤ ሰው ኪስ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ያሳስበዋል።

«ስልክ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው? ጥንዚዛ ይዘህ ነው ለቅሶ የተቀመጥኸው?»

ለይኩን ኪሱን በመዳፉ ሸፈነ። ድንኳኑ ሞልቷል። ከአብደራፊና ከሽንፋ ድረስ ሰው መጥቷል። የእርሻ ባለቤቶች አሉ፣ ነጋዴዎች አሉ፤ ሰሊጥ ሊያጭዱ ከጎጃም የወረዱት የቀን ሠራተኞች ሳይቀሩ ማጭዳቸውን ደጅ ላይ ጥለው ገብተዋል። በኮኪት መንገድ የሚያልፉት የጭነት መኪኖች እንኳ ድንኳኑ ጋ ሲደርሱ ቀስ ይላሉ፤ ጥሩምባቸውንም ይተዋሉ። «ለኔ ቢሆን ማን ፍሬን ይነካ ነበር?» ሲል አሰበ ለይኩን። ታላቅ ወንድሙ አዛናው ከተቀበረ ሦስት ቀኑ ነው፤ አሁንም ይቀናበታል። በዚህም አፈረ።

ተነሥቶ ከድንኳኑ ጀርባ፣ ከውኃ በርሜሉ ጥላ ሥር ቆመና ሰዓቱን አወጣው። ፊቱ ላይ አንዲት ትንሽ የሰው ሥዕል ከወንበር ብድግ ትላለች፤ ትቀመጣለች፤ ደግማ ብድግ ትላለች። ሰዓቱ አማርኛ አያውቅም፤ የሥዕሉን ትርጉም ግን አዛናው ራሱ ነግሮታል። «ተቀምጠህ ቆየህ፣ ተነሥና ተራመድ ነው የሚለኝ» ብሎ።

ተነሥ። ተራመድ። የሰዓቱ ባለቤት አፈር ለብሶ፣ ሰዓቱ ይህን ይላል።

ሰኞ ሊነጋጋ ሲል ነው የአዛናው ሚስት ጥሩአየሁ ባሏን ልትቀሰቅስ ነክታው የጮኸችው። ማታ በልቶ ተጫውቶ የተኛ ሰው! በቆላው ሙቀት ሬሣ ይዞ አይዋልም። ካህናቱ ተጠሩ፣ መቃብሩ ተቆፈረ፣ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ቀበሩት። ሐኪም አላየውም። የገነዙት ሦስት ወንዶች ሲሆኑ አንዱ ለይኩን ነበር። ሁለቱ አቡጀዲውን ሲቀዱ እሱ የሟቹን እጅጌ ሰበሰበና ሰዓቱን አገኘው። ማሰሪያውን ሊፈታ ሲነካው ከሥሩ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ አለ፤ ፊቱም በራ። የልብ ሥዕል። ከሥዕሉ አጠገብ ስልሳ አንድ።

ትክ ብሎ አየው። ስልሳ ሦስት ሆነ።

«ቆዩ!» ሊል አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። ሰዓቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተና ወንድሙን ገነዘው።

ለምን ዘጋው ቢባል፣ ነገሩ የቆየ ነው። አባታቸው ሁለት ልጅ ማስተማር አልሆነለትም፤ «አንተ ታናሽ ነህ፣ ትጠብቃለህ» ተባለና ለይኩን ከስድስተኛ ክፍል ወጣ። እንደጠበቀ ቀረ። አዛናው ተምሮ የእርሻ ሥራ አስኪያጅ ሆነ፤ ለይኩንም እዚያው እርሻ ላይ የወንድሙ ትራክተር ነጂ። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ነው፤ አንድ ማለዳ ለይኩን ሞተሩን በመዳፉ ዳሰሰና «ዘይት አይደርሰውም። ዛሬ ካረስንበት ይነክሳል። ይቁም» አለ። ከከተማ የመጡ እንግዶች ቆመው ነበር። አዛናው ፊቱን ሳያዞር፣ «ለይኩን፣ ዝም በል። ሰው ፊት አታሳፍረኝ» አለው። እንግዶቹ ሳቁ። ሞተሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነከሰ፤ ደርቆ ቆመ። «ልክ ነበርህ» ያለው ሰው የለም፤ ይባስ ብለው ጥፋቱ የነጂው ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ ለይኩን ሰው በተሰበሰበበት ቃል ተናግሮ አያውቅም።

ሰኞ ዕለትም ያች «ዝም በል» ናት አፉን የያዘችው። «ሬሣ ልቡ ይመታል አለ ለይኩን» ብለው ሲሳሳቁ ታየው፤ ፈራ። ይኸው ሦስት ቀን እህል አልወርድ አለው። ከነነፍሱ ቀብሬው ቢሆንስ? ከዚህ የባሰም አለ። ዝም ያልሁት ፈርቼ ነው ወይስ ቂሜን ልወጣ?

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው! ይህ የኔ ሰዓት አይደለም?»

ደንግጦ ዞረ። ባለሱቁ ሽኩር ነው፤ ነጭ ጀላቢያውን ሰብስቦ ሊታጠብ ወደ በርሜሉ መጥቷል። ሰዓቱን ከድንበሩ ማዶ፣ ከገላባት በኩል አምጥቶ ለአዛናው የሸጠው እሱ ነው። ገበያውን ሁሉ እያሳቀ የሚኖር ሰው ነው፤ የለይኩንን ፊት ሲያይ ግን ሣቁን ዋጠ።

«ምን ሁነሃል? ሟቹን ነው የምትመስለው እኮ።»

ለይኩን ሊሸሽ ፈለገ። ግን ሦስት ቀን የታፈነው ነገር ወጣ፤ ስለ መብራቱ፣ ስለ ስልሳ አንዱ፣ ስለ ዝምታው ሁሉንም ነገረው። ሲጨርስ ሽኩር በርሜሉን ተደግፎ ቆሞ ነበር።

«ኧረ ያ ረቢ! እኔኮ እርምጃ ይቆጥራል ብዬ ነው የሸጥሁለት፤ ነፍስ ይቆጥራል አላልኩም!» መንገዱን ተሻግሮ ወደ ሱቁ ሮጠ። አንድ ሙዝ ይዞ ሲመለስ ከኋላው ሮዳስ ተከትላዋለች። ሮዳስ የከተማው ነርስ ናት፤ የአዛናውን ስኳር ትከታተል የነበረችው እሷ ናት። ለቅሶ ልትደርስ ስትመጣ ነው መንገድ ላይ ይዞ ነገሩን የነገራት።

ሽኩር ሰዓቱን ተቀብሎ ሙዙ ላይ አጥብቆ አሰረው። አረንጓዴው መብራት ብልጭ ብልጭ አለ። ሦስቱም ጎንበስ ብለው ጠበቁ።

ሰባ አራት።

«እየው!» አለ ሽኩር። «ሰባ አራት! የሙዙ ልብ ከኔ ልብ ይሻላል። ሱቄ ውስጥ ልጆቹ በዳቦም ሞክረውታል፤ ዳቦውማ መቶ አሥር ሲመታ ትኩሳት ይዞታል ብለን ሸጥነው።»

ለይኩን ሳያስበው ሳቀ። ሣቁ ግን ቶሎ ከዳው። «ሙዝ ሌላ ነው፣ ሰው ሌላ» አለ። «ሰው ላይ ልክ ይሆን እንደሁስ?»

«እውነትዎን ነው፣ ሰው ላይ ይሻላል» አለች ሮዳስ። «ዐረፍ ብሎ ለተቀመጠ ሰው ብዙ አይስትም፤ የጋሽ አዛናውን የልብ ምት በእጄ ቆጥሬ አስተያይቼዋለሁ። ሁለት ሦስት ቢለያይ ነው። ሰውየው ሥራ ላይ ከሆነ ግን ይዘባርቃል። መብራት ነው፤ ያበራና የሚመለስለትን አይቶ ይገምታል። የሚቆጥረው ሲያጣም ይገምታል። አላውቅም ማለት አያውቅም።»

«እንደ አንዳንድ የተማረ ሰው» አለ ለይኩን።

ሮዳስ ፈገግ አለችና ሰዓቱን ከሙዙ ፈታችው። «አሁን ይህን እንተወው። ሲገንዟቸው እጃቸውን የያዙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ክንዳቸው ተጣጠፈልዎ?»

ለይኩን መዳፎቹን አያቸው። «እምቢ አለኝ። ደረቱ ላይ ላደርገው ብል እንጨት ሆነብኝ። ጣቶቹንም አንድ ባንድ ነው ያላቀቅሁ።»

«አገጫቸውስ?»

«ገጥሞ ነው ያገኘነው።»

«በዚህ ሙቀት ገላቸው ይሞቅ ነበር?»

«የእንስራ ሆድ ነው የሚመስል። ቀዝቃዛ።»

«እንግዲያማ ሌሊቱ ሳይጋመስ ነው ያረፉ» አለች ሮዳስ፣ ቃሉን ረጋ አድርጋ። «በሕይወት ያለ ሰው እንዲያ አይደርቅም። ከነነፍሱ የተቀበረ ሰው የለም፣ ጋሽ ለይኩን። መዳፍዎ የዚያን ዕለት ነግሮዎታል፤ እርስዎ ሰዓቱን አመኑ እንጅ። ሞተር በመዳፉ የሚያውቅ ሰው!»

«ማነው ይህን የነገረሽ?»

«እሳቸው ናቸው። ለምርመራ በመጡ ቁጥር ያነሡት ነበር። ‹ወንድሜ በመዳፉ የደረሰበትን እኔ በትምህርቴ ገደልሁት› ይሉ ነበር።»

ሽኩር ወደ መንገዱ ዞር አለላቸው። ለይኩን በርሜሉን ይዞ አለቀሰ። በቀብሩ ዕለት እንኳ እንዲያ አላለቀሰም ነበር።

ወደ ማምሻው ድንኳኑ ሲሣሣ፣ ሰዓቱን ይዞ ጥሩአየሁ ዘንድ ገባ። ጥቁር ነጠላዋን አገልድማ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች።

«እትዬ፣ የጋሼ ሰዓት እኔ ዘንድ ቆይቷል። ይኸው።»

ተቀብላ ጭኗ ላይ አኖረችው። «ምስኪን! ስንት ጊዜ ተጣላን በሱ ነገር! ሰዓቱ ነዘረኝ ብሎ ከምግብ መሐል ይነሣል። ሲገዛው ሆዱ እዚህ ድረስ ነበር፣ አስታወስኸው? ሮዳስ ክኒንህን እንዳትተው አለችው እንጅ ስኳሩማ ወርዶለት ነበር። ማታ ማታ እንኳ ካንተ ዘንድ ሳይደርስ አይገባም።»

ለይኩን አንገቱን ደፋ። ያን እሱም ያውቃል። ሰዓቱ ከተገዛበት ከግንቦት ጀምሮ፣ አዛናው ሲመሻሽ ይመጣና ከለይኩን አጥር ውጭ ሁለት ጊዜ ይስላል። ለይኩን ይወጣል። አዛናው በሩ ላይ የተጣለው አሮጌ የትራክተር ጎማ ላይ ይቀመጣል። «አሥር ሺህ ልሞላ ትንሽ ቀርቶኝ ነው የመጣሁ» ይላል፣ ክንዱን እያሳየ። ለይኩንም በሆዱ፣ «አሥራ አምስት ዓመት ለኔ ያልመጣኸው ለሰዓት መጣህ» ይል ነበር። አንድ ቀን እንኳ «ይግቡ» አላለውም። አንድ ምሽት አዛናው «ያች ሞተር…» ብሎ ሲጀምር፣ «ይተውት ጋሼ፣ ያለፈ ነው» ብሎ አቋረጠው። እሱም በተራው ዝም አሰኘው።

«ትንሽ ቀርቶኝ ነው ይለኝ ነበር» አለ ለይኩን። «እርምጃው።»

ጥሩአየሁ ቀና አለች። «ምን ይቀረዋል? በክረምቱ እንኳ እራት ሳይደርስ ነበር የሚሞላለት። ካንተ ጋር እየዋለ!»

ለይኩን ለአፍታ አልገባውም። ኋላ የክረምቱ ጭቃ ትዝ አለው። ሐምሌ ላይ ጥቁሩ አፈር መኪና ስለማያሳልፍ፣ አዛናው ማሳዎቹን የሚዞረው በትራክተሩ ፓራፋንጎ፣ በጎማው መከለያ ላይ ተቀምጦ ነበር። ትራክተሩ በትልም ላይ ሲነጥር የአዛናው ክንድ አብሮ ይነጥራል፤ ሰዓቱም ይቆጥራል። አንድ ቀን በእኩለ ቀን ነዘረና ፊቱ ላይ የርችት ሥዕል ተኮሰ። አሥር ሺህ!

«ጋሼ፣ እግርዎ መሬት ሳይነካ?» አለ ለይኩን።

አዛናው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «እኔ ምን አደከመኝ! ትራክተርህ ይራመድልኛል!»

የዚያኑ ዕለት ማታ መጥቶ ሁለት ጊዜ ሳለ። «ትንሽ ቀርቶኝ ነው» አለ። በማግሥቱም፣ በሳልስቱም። ክረምቱን ሙሉ! እርምጃው ከቀትር በፊት ሞልቶለት ሲያበቃ፣ በጭቃ እየተንሸራተተ እስከዚያ ጎማ ድረስ ይመጣ ነበር።

ለይኩን ትራክተሩን ነድቷል፣ ርችቱን በዓይኑ አይቷል፤ ቂሙ ሒሳቡን አሳተው እንጅ።

«ምን ሁነህ ነው?» አለች ጥሩአየሁ።

«ሞልቶለት ነበር፣ እትዬ» አለ። ድምፁ ከፍ ብሎ ኖሮ አጠገባቸው የተቀመጡት ሴቶች ዞሩ። አላፈረም። «ሞልቶለት ነው ይመጣ የነበረው!»

ሰዓቱ ጥሩአየሁ ጭን ላይ ነዘረ። ትንሿ ሥዕል ከወንበሯ ብድግ አለች። ጥሩአየሁ አየችው፤ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሯ ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር ታየ።

«አሁን ደግሞ ማንን ነው ተነሥ የሚል?» አለች። አንሥታ ሰጠችው። «በል አንተ እሰረው። እኔ ገና ልቀመጥ።»

ፀሐይ ወደ ሱዳን በኩል ስትጠልቅ ለይኩን ወንድሙ ይመጣበት በነበረው መንገድ ወደ ቤቱ ሄደ። ሰሊጥ የጫነ መኪና አልፎት አቧራ አለበሰው። ሰዓቱ ክንዱ ላይ ይቆጥራል፤ ይሳሳት፣ ልክ ይሁን፣ አላየውም። አጥሩ ጋ ሲደርስ ጎማው እንደ ወትሮው ከበሩ ውጭ ተጋድሟል፤ ጠርዙ በመቀመጥ ብዛት ለስልሷል።

በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና እንዳይመለስ ድንጋይ አስደገፈው። ከዚያ ሁለት ጊዜ ሳለ።

«ይግቡ፣ ጋሼ» አለ።

ጎማውን አቁሞ፣ በሁለት መዳፉ እየገፋ፣ እያንከባለለ ወደ ግቢው አስገባው።